የአጎቴ እግርና የመጨረሻዎቹ ፌርማታዎች

አጎቴ የተጎዳ ዕለት መስታወቱ አልተሰበረም። ታሪኩን ለሰው ሲያወራ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሥራው መስታወት መግጠም ነው። ያን ቀን አንድ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተሰነጠቀ መስኮት ሊቀይር ሄዶ፣ የያዘው መስታወት በጣት ስፋት አልገባ ስላለው ጠርዙን ሊያስተካክል መሰላሉን ይወርዳል። አንድ እርከን ሲቀረው የጨረሰ መሰለው። ቀኝ እግሩ መሬት ሲፈልግ አየር አገኘና በጎኑ ታጥፎ አረፈ። «ቋ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት» ይላል። ወደቀ፤ ሲወድቅ ግን ሁለት እጁን ሽቅብ እንደዘረጋ ነበር። ባልደረባው እየሮጠ መጥቶ መጀመሪያ መስታወቱን ተቀበለ፣ ቀጥሎ አጎቴን። መስታወቱ ከሰዓት በኋላ ቦታው ገባ።

«ወለምታ ነው፤ ሦስት ቀን ቢፈጅ ነው» አለ አጎቴ።

ይኸው ሰባት ዓመት ሞላው።

ያኔ አርባ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከድሮም እግሩ የማይረጋ ሰው ነው። ቆሞ ይበላል። ፊልም ሲጀመር ከሁላችን ቀድሞ ወንበር ይይዝና ሲያልቅ የምናገኘው ኩሽና ውስጥ ነው። ፀጉር ቆራጩ እንኳ ደንበኝነታቸው ሃያ ዓመት ሆኖት፣ መቀሱን ባነሳ ቁጥር «ጌታው፣ ጆሮህን ከፈለግከው አትንቀሳቀስ» ይለዋል። ሥራ ቦታ ያወጡለት ስም «ውሃ ልክ» ነው፣ የተጣመመ ነገር አይቶ ማለፍ ስለማይችል። ከአደጋው በኋላ ግን ወደ ግራ እያዘነበለ መሄድ ሲጀምር ቀልደኞቹ አልማሩትም። «ውሃ ልካችን ራሱ ተዛነፈ!» አሉ። ሳቀላቸው። ቤት ሲገባ ግን ጫማውን አውልቆ ግድግዳ ላይ ወረወረ።

ራጅ ተነሳ፣ ፋሻ ታሰረለት፣ ከዚያ ጄሶ፣ ከዚያ ጄሶው ወጥቶ እንደገና ፋሻ። አጥንቱ አልተሰበረም ነበር፤ የተበጠሱት ጅማቶች ናቸው። ሐኪሟ «አርፈው ይቀመጡ» አለችው። ለእሱ ከዚህ የከፋ ትእዛዝ አልነበረም።

ሚስቱን እኔ እትዬ ነው የምላት። መጋረጃ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሳሎን መስኮቱ ሥር ነው ያለው፣ ደንበኞቿም እዚያው ይመጣሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቀኑን ብቻዋን፣ በራሷ ሥርዓት ስትሠራበት የኖረችው ክፍል ውስጥ ድንገት አንድ ሰው ሶፋ ላይ ተጋደመባት። ያውም የሚጋደም ሰው ቢሆን ደግ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት በክራንች እየተንጠለጠለ የቤቱን በሮች ማጠፊያ ሁሉ ዘይት ቀባ። በሁለተኛው ሳምንት ቁም ሳጥኑን ፈቶ ገጠመው፤ ሲገጥመው ሁለት ቪት ስለተረፈው መልሶ ፈታው። በሦስተኛው ሳምንት ፊቱን ወደ መጋረጃዎቹ አዞረ። ደንበኛ ቆማ እያየች፣ እትዬ የጨረሰችውን መጋረጃ ጠርዝ በሜትር እየለካ «እዚህ ጋ ሦስት ሚሊ ወርዷል» አለ።

እትዬ ደንበኛዋን በፈገግታ ሸኝታ በሩን ዘጋችና ለእናቴ ደወለች።

«እኔን ብትወጂኝ፣ ይህን ወንድምሽን ከዚህ ቤት ይዘሽልኝ ውጪ። የትም ይሁን። ባሕር ማዶም ቢሆን ግድ የለኝም!»

እትዬ የቸገራት ሰው አፍ ያመጣውን መናገሯ ነበር። እናቴ ግን ቃል በቃል ወሰደችው።

እናቴ የአጎቴ ታላቅ ናት፣ ስምንት ዓመት ትበልጠዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆና ሠርታለች። የሰውን ድምፅ ከባሕር ማዶ ድምፅ ጋር ስታገናኝ ኖራ፣ ራሷ ግን ከሀገር ወጥታ አታውቅም ነበር። ጡረታ ስትወጣ ማየት የምትፈልጋቸውን ከተሞች በአንድ ደብተር ዘርዝራ ጽፋ ነበር። ብቻዋን መሄድ ፈርታ ደብተሩ ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኛ።

«አንተ ልጅ፣ ሻንጣ አለህ?» አለችው በስልክ።

«የምን ሻንጣ? እግሬ እንዲህ ሆኖ?»

«አውሮፕላን የሚሄደው በአንተ እግር ነው እንዴ?»

የመጀመሪያው ጉዞ እንዲህ ተጀመረ። ወንዝ ከመሀሏ የሚያልፍባት ትልቅ ከተማ ሄዱ። እናቴ ሰባት ሙዚየም፣ ሦስት ቤተ መንግሥትና አንድ የዕፅዋት ማቆያ በአምስት ቀን ልታዳርስ አቅዳለች። አጎቴ ከፋሻ ወደ ማሰሪያ ጫማ ከተሸጋገረ ሦስት ሳምንቱ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ጥርሱን ነክሶ ተከተላት። ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ቁርጭምጭሚቱ ተነፋፍቶ፣ አጥንቱ የቱ ጋ እንደነበረ መለየት አልተቻለም። በሁለተኛው ቀን እናቴ ሙዚየሙ ደጃፍ ላይ አግዳሚ ወንበር መርጣ አስቀመጠችው።

«ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል። በአንድ ሰዓት ውስጥ እመለሳለሁ።»

«እሺ እታለም።»

ደግሞ ከልቡ ነበር። አርባ ደቂቃ ያህል ታገለ። ትይዩ ያለውን ሕንፃ መስኮቶች ቆጠረ፤ ስንቱ ድርብ መስታወት እንደሆነ ለየ፤ እርግቦቹን አየ፤ ሰዓቱን አየ። የታመመው እግሩ ይጠዘጥዘዋል፣ ጤነኛው ደግሞ በራሱ ጊዜ መሬቱን ይደበድባል። በዚህ መሀል አንድ ትራም መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ወለሉ ከእግረኛው መንገድ እኩል ነበር፤ ምንም ደረጃ የለውም። አጎቴ በኋላ ሲያስረዳን «አልወጣሁበትም እኮ፣ ገባሁ ነው የሚባለው» ይላል። ብቻ ገባ፤ በሩም ተዘጋ።

እስከ መጨረሻው ሄደ። ቤተ መንግሥቶቹ አለቁ፣ ትልልቆቹ ሱቆች አለቁ፣ ከዚያ ልብስ የተሰጣባቸው ፎቆች፣ ከዚያ የጎማ ጥገና ቤቶች፣ ከዚያ አጥር ብቻ። በመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሁሉም ወረደ። ሹፌሩ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከፊተኛው ክፍል ወጣና በመሀል አልፎ ኋለኛው ክፍል ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። የኋላው ፊት ሆነ። አጎቴ ይህን በማየቱ የተደሰተውን ያህል በአንድም ቤተ መንግሥት ተደስቶ አያውቅም። ወረደና አካባቢውን ቃኘ። አንድ የልብስ ንጽሕና ቤት፣ በር ላይ የታሰረ ሽማግሌ ውሻ፣ ጓሮዋ ውስጥ ከውሃ ቱቦዋ ጋር የምትታገል ሴትዮ። ማንም ሊያሳየው ያዘጋጀው ነገር አልነበረም። ተመልሶ ገባ። ሙዚየሙ ጋ ሲደርስ ትራሙ ቆመ፤ እሱ ግን ይህኛው ጫፍ እንዲህ ከሆነ ያኛውስ ብሎ አልወረደም።

እናቴ በበኩሏ ከሙዚየሙ ስትወጣ ወንበሩ ባዶ ነው። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም፤ ኮቱ ኪስ ውስጥ ድምፁ ተዘግቷል። ጥበቃውን ጠየቀች፣ ቲኬት የምትቆርጠውን ጠየቀች፣ ፖሊስ አስጠራች። «አንድ እግሩን የሚያነክስ ወንድሜ» እያለች በምልክት ስታስረዳ፣ ራሷ እያነከሰች አሳየቻቸው። ከጠፋ ሦስት ሰዓት ሊሞላው ሲል አጎቴ ከትራም ወረደ፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ ፊት ያበራል።

«እታለም! ምን እንዳየሁ ብታውቂ...»

«ዝም በል!» አለች። ሁለት ፖሊሶች፣ አንድ ጥበቃና ቲኬት ቆራጯ እያዩ። «ምነው ሞተህ በተገኘህና በገላገልከኝ! ለእናታችን አጥንት ምን ብዬ... ወይኔ! ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር እኮ!»

«ሹፌሩ ከፊት ተነስቶ ከኋላ...»

«ዝም በል አልኩህ!»

እስከ እራት ድረስ አላናገረችውም። በማግስቱ ቁርስ ላይ ግን ደብተሯን አውጥታ ሁለት ሙዚየሞችን በእርሳስ ሰረዘችና፣ ቀና ሳትል «ዛሬ ስንት ቁጥር ነው የምንሳፈረው?» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ሕጋቸው ይህ ሆነ፤ ጠዋት የእሷ፣ ከሰዓት የእሱ። በአራት ዓመት አራት አገር አዩ። በየከተማው የትራሙን፣ የአውቶብሱን፣ የጀልባውንም መስመር ይዘው እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ። አንዱ መስመር መቃብር ስፍራ በር ላይ አለቀ። አንዱ ጭጋግ የሸፈነው ሐይቅ ዳር አወረዳቸው፤ ሐይቁ መኖሩን ያወቁት በዳክዬዎቹ ድምፅ ነበር። አንዱ ደግሞ የመጋዘን ግቢ ውስጥ አቆማቸውና ሹፌሩ የሚመለሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው ተባለ። እናቴ ፍራፍሬ ላጠች፣ አጎቴ ሲዞር ዋለ።

ይህ ሁሉ መልካም ነበር። ክፉው ከተመለሰ በኋላ ያለው ነው። እግሩ ጉዞውን በዝምታ ይችልና ቤት ሲገባ ብድሩን ይመልሳል። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ያብጣል። በረዶ፣ መርፌ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ አዲስ ማሰሪያ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ላስቲክ ሰጥቶት «ቀስ እያልክ ሃያ ጊዜ» ይለዋል፤ እሱ ቶሎ ቶሎ መቶ ጊዜ ይሠራና ላስቲኩን ይበጥሰዋል። ሥራ ቦታ መሰላል የሚወጣበት ቀን ከማይወጣበት እያነሰ መጣ። ቤት ውስጥ ደግሞ መከራ ሆነ። እዚያ ሆኖ እዚህን አይናፍቅም፤ እዚህ ሆኖ ግን የሚያስበው እዚያን ነው። እትዬ አንድ ቀን ምሳ እያቀረበች «ቁጭ በል እንጂ» ብትለው፣ «ቁጭ በል፣ ቁጭ በል! ውሻ ነኝ?» ብሎ ጮኸባት። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ጮሆባት አያውቅም ነበር። ሳህኑን አስቀምጣለት ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እሱም ቆሞ በላ፣ ቆሞ አለቀሰ። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት እንጂ እሱ ትንፍሽ አላለም።

በአምስተኛው ጉዞ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ባሕር ዳር ያለች፣ ሁሉ ነገሯ ዳገትና ቁልቁለት የሆነ ከተማ ናት። እንዲያ ያለ ቦታ ለምን እንደመረጠ ብጠይቀው «ጀልባዎቿ ስድስት መስመር አላቸው» አለኝ። በሦስተኛው ቀን የያዝነው አውቶብስ መጨረሻው ገደል አፋፍ ላይ ሆነ፤ ከታች ትንሽ የጀልባ መቆሚያ ይታያል፣ ወደዚያ የሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርብን፣ ከዚህ ሆነን እንየው» አልኩት።

«ከዚህ ሆኖ ማየት መሄድ ነው?»

እናቴ ልታስቆመው አፏን ከፈተችና ተወችው። መውረድ ጀመረ፤ እጁ ግድግዳውን ይዟል። ግማሹ ላይ ሲደርስ ኪሱ ውስጥ እጁን ከትቶ አንድ ነገር ወደ አፉ ሲወረውር አየሁት። ማስታገሻ ነበር። ለካ ጉዞውን ሁሉ እየደበቀ ሲውጥ ነው የከረመው። ጥቂት ደረጃዎች እንደወረደ እግሩ ከዳው። አልወደቀም፤ ዝም ብሎ እንደ ጆንያ ተቀመጠ። ሊነሳ ሞከረ፣ አልሆነም። ደገመ፣ አልሆነም።

«ትንሽ ልረፍ» አለ። በሕይወቱ ልረፍ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያኔ ደነገጥኩ።

ከታች ሁለት የጀልባ ሠራተኞች የፕላስቲክ ወንበር ይዘው ወጡ። አስቀምጠውት፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው ወደ ላይ ተሸከሙት። እየሳቁ፣ በቋንቋቸው እያበረታቱት። አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ እንባው ግን ከሥሩ ይወርዳል። አውሮፕላን ማረፊያም በተሽከርካሪ ወንበር ተገፋ። አንዲት ሠራተኛ ወረፋውን ሁሉ አሳልፋ ስትወስደው እናቴ ልታጽናናው «አየህ፣ እንደ ባለሥልጣን ቀድመን ገባን» አለችው። እሱ ግን «እንደ ሻንጣ» አለ።

እንደተመለስን ሐኪሟ አዲሱን ራጅ መብራት ላይ ሰቅላ በቁርጭምጭሚቱ አጥንቶች መሀል መኖር የነበረበት ክፍተት አለመኖሩን አሳየችው። አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ ነው።

«አጥንቶቹን አጋጥመን በቪት እናስራቸዋለን» አለችው። «እንደ አንድ አጥንት ይሆናሉ። ሕመሙ በጣም ይቀንስልዎታል። ግን ቁርጭምጭሚቱ ከእንግዲህ አይተጣጠፍም።»

«ስንት ቪት?»

«ሦስት።»

«ስንት ቁጥር?»

ሐኪሟ ሳቀች፤ እሱ ግን የምሩን ነበር። «ታዲያ ማጠፊያ የሌለው በር ሊያደርጉኝ ነዋ! ማጠፊያ የሌለው በር ደግሞ ግድግዳ ነው» ብሎ ራጁን ከመብራቱ ላይ አውርዶ በብብቱ ሸጉጦ ወጣ።

ስምንት ወር እንቢ አለ። ግትሩ እግሩ ይሁን እሱ መለየት አልተቻለም። እትዬ ለመነችው፣ እናቴ ተቆጣችው፣ የሚሠራበት የመስታወት ሱቅ ባለቤት ሥራህ የትም አይሄድብህም አለው። ከአልጋ ሶፋ፣ ከሶፋ በረንዳ እያነከሰ፣ ሁሉም ሰው እንዲተወው ይለምናል፤ ሲተዉት ደግሞ ለምን ተዋችሁኝ ይላል። በዚህ መሀል እናቴ ማንም ያልጠበቀውን አደረገች። ከቀድሞ ባልደረቦቿ፣ ከስልክ ኦፕሬተሮቹ ጋር ለጉዞ ተመዘገበች። ለወንድሟ የነገረችው ሊሄዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ነው።

«ያለ እኔ?» አለ።

«ያለ አንተ» አለች። «ምን ላድርግ፣ የኔ ዓለም? ዓመት ሙሉ ጠበቅሁህ፤ እኔስ እያረጀሁ አይደል?»

ሸኛት። ሻንጣዋን እኔ እየጎተትኩ፣ እሱ በክራንች እየተከተለ። ቤት ሲመለስ ሶፋው ላይ ጋደም አለ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«አንተ ልጅ፣ እንዳትናደድ» አለች እናቴ። «ጓደኞቼን ሙዚየም ትቼ አሥራ አንድ ቁጥርን ያዝኩ። መጨረሻው ላይ ነኝ።»

አጎቴ ከሶፋው ተነሳ። «ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

«ምንም የለም ማለት?»

«ምንም ነዋ። አንድ አጥር አለ።»

«የምን አጥር? እንጨት ነው ሽቦ?»

«ሽቦ። ከውስጥ ፈረስ አለ። ነጭ ፈረስ፣ ብርድ ልብስ አልብሰውታል።»

«ከፈረሱ ኋላስ?»

«አይታየኝም።»

«ሂጂና እዪው እንጂ እታለም! እግርሽ ደህና አይደል?»

ይህን ሲል የራሱን እግር አየ። እናቴ ቀስ ብላ፣ ስልኩን ሳትዘጋ፣ አጥሩን ይዛ ሄደችለት፤ ኋላ የነበረው የድንች እርሻ ነው። በማግስቱ ጠዋት አጎቴ ማንም ሳይጠይቀው ልብሱን ለብሶ ወደ ሐኪሟ ሄደ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ እግሩን መሬት ሳያስነካ አሥር ሳምንት መቆየት ነበረበት። እትዬ በዚህ ጊዜ ብልህ ሆና ነበር። የስፌት ጠረጴዛዋን ጫፍ ለቀቀችለት፣ እግሩን ትራስ ላይ ሰቀለችለት፣ የመጋረጃ ቀለበት እንዲሰካ ሰጠችው። በቀን ሦስት መቶ ይሰካል፤ ሲሰለቸው ያንኑ ነቅሎ እንደገና ይሰካዋል። ክፍሉን አልለቀቀም፣ ምክርም አልሰጠም፤ ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ ብቻ «ይቺ ጨርቅ...» ብሎ ሲጀምር እትዬ መቀሷን አነሳች፣ እሱም ቀለበቱን አነሳ።

ሕመሙ ተወው ማለት አይቻልም። እንደ ሚስማር የሚወጋው ጠፍቶ በብርድ ጊዜ የሚያስታውሰው ደብዛዛ ሕመም ተተካ። ሐኪሟም አልዋሸችውም፤ ያ የታሰረው ስለማይሠራ ከጎኑ ያሉት መገጣጠሚያዎች አንድ ቀን ይደክማሉ ብላዋለች። መሰላል ቀረ። አሁን ሱቅ ውስጥ ቆሞ ይለካል፣ ይቆርጣል፤ ሌሎች ወስደው ይገጥማሉ። መጀመሪያ ሰሞን የገጠሙትን ሊያይ በየሰው ቤት እየሄደ አስቸግሯቸው ነበር። ዳገት ይሆንለታል። ቁልቁል ደረጃ ግን በጎኑ፣ እንደ ሸርጣን ነው የሚወርደው። ሰው ቆሞ ካየው «ይለፉ፣ እኔ እየተለማመድኩ ነው» ይላል።

ባለፈው ዓመት ከእናቴ ጋር እንደገና ወጡ። በዚህኛው እትዬም አብራ ሄደች፤ ስንት ዓመት ሙሉ ሲለምኗት እንቢ ብላ። ሆቴል እንደገቡ ወንበር ወደ መስኮቱ ስባ ጫማዋን አወለቀች።

«እናንተ ሂዱ» አለቻቸው። «እኔ መንገዱን ልይ።»

«መንገዱን ከዚህ ሆነሽ?» አለ አጎቴ።

«ከዚህ ሆኜ። ደርሰህ ስትመለስ ትነግረኛለህ።»

አጎቴ በሩ ላይ ቆመ። ወጣ። ከአሳንሰሩ ተመለሰ፤ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ወጣ። እናቴ እንደነገረችኝ ከመንገድ ላይም አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ለመስኮቱ እጁን አውለበለበ፣ ከዚያ መንገዱን አቋርጦ ትራም ውስጥ ገባ። ማታ ሲመለሱ እትዬ ሻይዋን ይዛ እዚያው ነበረች። እሱ ከመጨረሻው ፌርማታ ያየውን ሁሉ፣ ከመኪና እጥበቱ እስከ ጎመን ማሳው፣ ክፍሉ ውስጥ እየተመላለሰ ነገራት። እሷም በተራዋ ከታች ያለው ዳቦ ቤት ስንት ጊዜ እንደተከፈተና እንደተዘጋ ነገረችው። እናቴ መሀላቸው እንቅልፍ ወሰዳት።

ባለፈው እሑድ ደወለልኝ። በሚቀጥለው ወር ሊሄዱ ነው፤ ደሴቶች መሀል የምትመላለስ የፖስታ ጀልባ አግኝቷል።

«ጀልባዋ መወጣጫዋ ደረጃ ነው ወይስ ሳንቃ? ኢንተርኔት ላይ ፈልጊልኝ። ደረጃ ከሆነ ስንት ነው? መያዣስ አለው? ከመጨረሻዋ ደሴት ቀጥሎ ሌላ ደሴት ካለ ደግሞ...»

«ጋሼ፣ እስቲ ቁጭ ብለህ አውራኝ።»

«ቁጭ ብያለሁ እኮ!» አለኝ። በስልኩ ውስጥ ግን ይሰማኛል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ የሚሄድ እርምጃ።